የካሽሚር ሻልና የሸማኔው ድርሻ



በምንማርበት በዚህ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ብርዱ እንደ አገራችን ደጋ አጥንት ሰብሮ የሚገባ አይደለም። ቢሆንም ታኅሣሥ ሲገባ በአሮጌው ገበያ ያሉት ሱቆች ደጃፋቸውን በሻል ይሸፍኑታል። የአካባቢው ሰው ሻል ያውቃል። ከኦማን የመጡ የክፍል ጓደኞቻችን በክብር ቀን የሚጠመጥሙት ሙሳር የተባለው ጥምጥም፣ ጥሩው ዓይነት፣ ከካሽሚር ሱፍ የሚሠራ ነው። እኛም ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ባገኘን ቁጥር ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን የምንልከውን ስጦታ የምንፈልገው እዚያው ገበያ ነው። ታዲያ አንድ ነገር አስተዋልን። «ፓሽሚና» የሚል ጽሑፍ የተሰፋበት ጨርቅ በአንዱ ሱቅ በምሳ ዋጋ ይሸጣል፤ ሦስት ሱቅ አልፎ ደግሞ ያው «ፓሽሚና» የተባለ ሌላ ጨርቅ የአንድ ተማሪን የብዙ ወር ወጪ ይጠይቃል። ስሙ አንድ፣ ዋጋው ግን ሰማይና ምድር። በመካከሉ የተሸሸገ ነገር መኖር አለበት ብለን መጠየቅ ጀመርን።

እኛ የምንለው በአንድ ማደሪያ ቤት የምንኖር አምስት የማኅበሩ አባላት ነን። ከአምስታችን ሁለታችን የሸማኔ ልጆች ስንሆን፣ የአምስታችንም እናቶች ጥጥ ፈትለው ያሳደጉን ናቸው። ጎረቤታችን ደግሞ ከስሪናጋር የመጣ የካሽሚር ልጅ ነው፤ አያቱ እስከ ዛሬ ይፈትላሉ። ማታ ማታ ሻይ እየጠጣን እሱ ከቤቱ የሚያውቀውን ሲነግረን፣ እኛም ከቤተ መጻሕፍት ያገኘነውን ስናነብለት፣ አንድ የትከሻ ልብስ የአንድ ሕዝብ ታሪክ ተሸክሞ አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የእጅ ሥራ ክብሩ የሚለካው በለበሰው ሰው ማዕርግ ሳይሆን ለሠሪው በደረሰው ድርሻ መሆኑን ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ፍየሏና ፈታይዋ

ፓሽም በፋርስ ቋንቋ ሱፍ ማለት ሲሆን፣ ፓሽሚና ማለት ከዚያ የተሠራ ማለት ነው። ሱፉ ግን የበግ አይደለም። ምንጩ በላዳክ ምድር፣ በቻንግታንግ አምባ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ቻንግፓ የተባሉ ዘላኖች የሚያረቧት ፍየል ናት። በዚያ አገር በብርዱ ወራት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ድረስና ከዚያም በላይ ስለሚከፋ፣ ፍየሏ ከሻካራው ጠጉሯ ሥር ሌላ ለስላሳ ጠጉር ታበቅላለች። ብርዱ ሲያልፍ ይህ ጠጉር ከቆዳዋ መላቀቅ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ዘላኖቹ በማበጠሪያ እያበጠሩ ይሰበስቡታል። ፍየሏ አትታረድም። የጠጉሩ ውፍረት ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ነው፤ ይህም ከሰው ጠጉር አምስት እጅ ያህል የቀጠነ ማለት ነው። ከአንዲት ፍየል በዓመት የሚገኘው፣ ሻካራው ተለቅሞ ከወጣ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ 200 ግራም እንኳ አይሞላም።

ሱፉ ከተራራው ወርዶ ካሽሚር ሲደርስ ከሴቶች እጅ ይገባል። ሻካራውን ከለስላሳው በጣታቸው ይለያሉ፤ ቅባቱና አቧራው እንዲለቅ ከሩዝ ዱቄት ጋር ያሹታል፤ ከዚያም ይንደር በሚባለው የእንጨት መሽከርከሪያ ይፈትሉታል። ይህን ስንሰማ ባዘቶውን፣ እንዝርቱንና ልቃቂቱን አስታወስን። በአገራችን እናቶች የሚፈትሉት ጥጥ ነው፤ የካሽሚር እናቶች የሚፈትሉት ግን ትንፋሽ የሚበትነው ነገር ነው።

በ1822 ዓመት ዊልያም ሙርክሮፍት የተባለ የእንግሊዝ ሰው ወደ ካሽሚር ገባ። ሥራው የእንስሳት ሐኪምነት ነበር፤ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ባልደረባ ሆኖ ለኩባንያው ፈረስ ፍለጋ የወጣ ሲሆን፣ የሻሉን ምስጢር አጥንቶ ሥራውን በእንግሊዝ አገር ለማስጀመርም ይመኝ ነበር። ስለ ፈታዮቹ ከጻፈው ውስጥ አንዱ ነገር ልባችንን ነካው። ሴቶቹ ከንጋት ጀምረው ቀኑን ሙሉ ይፈትላሉ፤ ለመብራት የሚሆን ዘይት መግዣ የሌላቸው ደግሞ ማታ በጨረቃ ብርሃን ይቀጥላሉ። እንግዲህ በነገሥታት ትከሻ ላይ ያረፈው ሻል የተጀመረው መብራት በሌለበት ቤት ነው።

የክፍያውን ነገር ያስረዳን ወዳጃችን ነው። የፈታይዋ ደመወዝ የሚቆጠረው በቋጠሮ ነው፤ አሥር ክር ባንድ ሲታሰር አንድ ቋጠሮ ይባላል። አያቱ ለብዙ ዓመታት ለአንድ ቋጠሮ የተከፈላቸው አንድ ሩፒ ነበር። «አያቴ ዓይናቸው እስኪደክም ፈትለው ያገኙት ለሻይና ለዳቦ ነው፤ ሻሉ ግን እዚህ ገበያ ሲደርስ ዋጋውን የሚናገረው ነጋዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው» አለን።

ድሩ፣ ማጉና ታሊሙ

ከሻሎች ሁሉ የከበረው ካኒ የሚባለው ነው። በእኛ አገር ሸማኔው በመወርወሪያው ማጉን ከዳር እስከ ዳር ይወረውረዋል፤ ጥለት በሚሠራበት ቦታ ብቻ በጣቱ ቀለም ይጨምራል። በካኒ ግን ዳር እስከ ዳር የሚሄድ መወርወሪያ የለም። በእርሱ ፈንታ ቀለም ክር የተጠመጠመባቸው ትንንሽ የእንጨት ቀሰሞች አሉ፤ ካኒ የተባሉትም እነርሱ ናቸው። ለአንድ ሻል በመቶ የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከሺህ የሚበልጡ ቀሰሞች በድሩ ላይ ይሰለፋሉ። ሸማኔው እያንዳንዱን ቀለም በተወሰነለት የድር ቁጥር ውስጥ አሳልፎ ከጎረቤቱ ቀለም ጋር ያቆላልፈዋል፤ ቀጥሎ ሌላውን፤ ቀጥሎ ሌላውን። አንድ መሥመር ማግ ለመጨረስ ይህን ሁሉ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚያስረዝመው አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ብዙ አበባ ያለበት ሻል ሁለትና ሦስት ዓመት ይወስዳል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን ታሊም የተባለው ጽሕፈት ነው። ዓረብኛ የተማርን ሁሉ እንደምናውቀው ቃሉ ትምህርት ማለት ነው። ነቃሹ የአበባውን ሥዕል በወረቀት ይነድፋል፤ ቀለም ጠሪው እያንዳንዱ ቀለም ስንት ድር እንደሚሸፍን ይናገራል፤ ጸሐፊው ይህን በልዩ ምልክት ይጽፈዋል። ሸማኔው የሚያየው ሥዕሉን አይደለም። የሚያነበው ይህን ያህል ድር ቀይ፣ ይህን ያህል ቢጫ፣ ይህን ያህል ሰማያዊ የሚለውን ትእዛዝ ነው። ፊደል አልቆጠረም የተባለው ሸማኔ እኛ በዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን ልናነበው የማንችለውን ጽሑፍ ያነብባል። ወዳጃችን የአንድ ታሊም ቁራጭ በሥዕል አሳይቶን ነበር፤ ከአምስታችን ሒሳብ የምታጠናው እኅታችን ሳትቀር ከመሥመሩ አንዱን እንኳ መፍታት አልቻለችም።

ከጊዜ በኋላ ነጋዴዎች ሥራውን ለማፋጠን አንዱን ሻል ከፋፍለው በብዙ ዕቃ ላይ ማሠራት ጀመሩ። እስከ ስምንት በሚደርስ የሽመና ዕቃ ላይ የተሠራው ቁራጭ በመጨረሻ ረፉገር ለሚባለው ባለሙያ ይሰጣል። እርሱ ቁራጮቹን ዓይን በማያየው ስፌት አገጣጥሞ አንድ ያደርጋቸዋል። የረፉገር ሥራ ያማረ የሚባለው ረፉገር መኖሩ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሰው ስናስብ ስለ ሻሉ ታሪክ ሁሉ ያሰብን መሰለን።

ዘውድ፣ ግብርና ፋሽን

የሻሉ ሥራ መቼ ተጀመረ ለሚለው የካሽሚር ሰዎች በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡትን ሱልጣን ዘይኑል አቢዲንን ያነሣሉ፤ ከመካከለኛው እስያ ባለሙያዎችን አስመጥተው ሥራውን አስፋፉ ይባላል። ካሽሚር በ1586 ዓመት በሞጉሉ ንጉሥ በአክበር እጅ ከወደቀች በኋላ ሻሉ የቤተ መንግሥት ልብስ ሆነ። ንጉሡ የወደደውን ሹም የሚያለብሰው የክብር ልብስ ውስጥ ሻል ገባ፤ ከዚያ ወደ ፋርስ፣ ወደ ኦቶማን ግዛት፣ ወደ ሩስያም ተነገደ። ካሽሚር ራሷ ከሞጉሎች ወደ አፍጋኖች፣ በ1819 ወደ ሲኮች ስትተላለፍ ገዥው ሁሉ ዓይኑን የጣለው በሻሉ ግብር ላይ ነበር።

በ1846 ዓመት በአምሪትሳር የተፈረመው ውል ይህን በግልጥ ያሳያል። እንግሊዞች ሲኮችን ካሸነፉ በኋላ ካሽሚርን ከነሕዝቧ ለጉላብ ሲንግ በ7,500,000 ሩፒ ሰጡት። ከዚህ ሌላ የበላይነታቸውን እንዲያውቅላቸው በየዓመቱ አንድ ፈረስ፣ ስድስት ወንድና ስድስት ሴት የሻል ፍየሎች፣ ሦስት ጥንድ የካሽሚር ሻል እንዲገብር ተዋዋሉ። አገር በገንዘብ ተሸጠ፤ የሽያጩ ማስታወሻ ደግሞ ሻል ሆነ።

አውሮፓን በሻል ያሳበደው ነገር የተነሣው ከእኛው ሰፈር፣ ከመካከለኛው ምሥራቅ ነው። ናፖሊዮን በ1798 ግብጽን በወረረ ጊዜ የፈረንሳይ መኮንኖች እዚያ ያገኙትን የካሽሚር ሻል ለሚስቶቻቸው ወሰዱ። ጆሴፊን ሻል በብዛት የምትሰበስብ ሆነች፤ የፓሪስ ወይዛዝርትም ተከተሏት። ፍላጎቱ ሲበዛ በእንግሊዝ ኖርዊች፣ በስኮትላንድ ኤዲንብራና ፔይዝሊ ሸማኔዎች ሻሉን መምሰል ጀመሩ። በ1804 ዓመት የዣካር የሽመና መሣሪያ በፈረንሳይ ተፈለሰፈ፤ ሲስፋፋም የታሊሙን ሥራ በተበሳ ካርቶን የሚሠራ ሆነ። ካሽሚሮች ቡታ ወይም ባዳም፣ ማለትም ለውዝ፣ የሚሉት አንገቱ የተጣመመ የፍሬ ቅርጽ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ሁሉ «ፔይዝሊ» ተባለ። ቅርጹን የፈጠሩት ሰዎች ስም ቀረና የቀዳችው ከተማ ስም ተተከለ።

ሚያዝያ 1865

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ሻሉ በአውሮፓ ሲወደድ ሸማኔው ምን አገኘ? በጉላብ ሲንግ ልጅ በራንቢር ሲንግ ዘመን ዳግ ሻውል የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። ሥራው እያንዳንዱን ሻል ማኅተም እየመታ ግብር መሰብሰብ ነው። ሮበርት ቶርፕ የተባለ ወጣት የእንግሊዝ መኮንን በዚያው ዘመን እንደ ጻፈው፣ አንድ ሸማኔ በወር ሰባት ወይም ስምንት ሩፒ ያገኛል፤ ከዚህ ውስጥ አምስቱ በግብር ይወሰዳል። በቀረው ሁለት ወይም ሦስት ሩፒ ቤተሰቡን ይመግብ። ሥራው መረረኝ ብሎ ሙያውን መተው የፈለገም ተተኪ ሰው ሳያመጣ አይፈቀድለትም፤ ከአገር ልውጣ ቢልም መንገዱ በዘበኛ የተጠበቀ ነው። እጁ ወርቅ ስለሆነ እስረኛ ሆነ።

ሚያዝያ 29 ቀን 1865 የስሪናጋር ሻል ሸማኔዎች ዛልዳጋር በተባለው ሜዳ ተሰበሰቡ። የግብሩን መሥሪያ ቤት ሹም በምሳሌ ቀብረው፣ ባዶ ቃሬዛ ተሸክመው፣ መሣሪያ ሳይዙ ወጡ። የጠየቁት ግብሩ እንዲቀነስ ነበር። መልሱ ወታደር ሆነ። ወታደሮቹ ወደ ጠባብ ድልድይ ሲያጣድፏቸው ብዙዎቹ ውኃ ውስጥ ገቡ፤ 28 ሸማኔዎች ሞቱ። መሪዎቹ ታሰሩ። ከሜይ ዴይ መታሰቢያ መነሻ ከሆነው ከቺካጎው የ1886 ሰልፍ 21 ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። ይሁንና ይህን ቀን ከካሽሚር ውጭ ስንቱ ያውቀዋል? እኛ ራሳችን የሠራተኛ ታሪክ ብለን ባነበብናቸው መጻሕፍት ውስጥ አላገኘነውም፤ የሰማነው ከጎረቤታችን አፍ ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ፈረንሳይና ፕሩስያ ተዋጉ። የሻሉ ትልቅ ገበያ የነበረችው ፓሪስ ተከበበች፤ የሴቶቹም ቀሚስ ቅርጽ ተለውጦ ትልቁ ሻል ከፋሽን ወጣ። ገበያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደቀ። ወዲያውም ከ1877 እስከ 1879 በካሽሚር ጽኑ ረኃብ ሆነ። ከእርሻ የተለዩት፣ በእጃቸው ከክር በቀር የሌላቸው ሸማኔዎች በዚያ ረኃብ ክፉኛ ተመቱ፤ የተረፉት ወደ ፑንጃብ ከተሞች ተሰደዱ፣ ወደ ምንጣፍ ሥራም ዞሩ። ገበያው ሲደራ ትርፉ ለሌላው፣ ገበያው ሲወድቅ ኪሳራው ለሸማኔው ሆነ።

የተከራከርንበት

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ማደሪያ ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። መሐንዲስነት የሚያጠናው ወንድማችን፣ «ሰውን ሦስት ዓመት ከድር ላይ አጉብጦ የሚያስቀር ሥራ ለምን ይወደሳል? መሣሪያ ይሥራው፣ ሰውየው ቀና ይበል» አለ። ከሸማኔ ልጆች አንዷ፣ «አባቴን ቀና በል ብሎ ከዕቃው ያስነሣው ሰው ምን እንዲበላ እንዳሰበለት ይንገረኝ» ብላ መለሰች። ሁለቱም እውነት አላቸው። በዚህ ላይ ጥቂት ሌሊት ተሟገትን።

ነገሩን ያቀለለልን የፔይዝሊ ታሪክ ነው። የካሽሚርን እንጀራ የወሰደችው ከተማ ጠግባ የኖረች መስሎን ነበር። ግን ከ1841 እስከ 1843 ድረስ ገበያው ሲቀዘቅዝ ፔይዝሊ ራሷ ከስራ፣ ሸማኔዎቿ በምጽዋት ሾርባ ተሰልፈዋል። በ1870ዎቹም ፋሽኑ ሲለወጥ ከካሽሚር ጋር አብራ ወደቀች። ስለዚህ የስሪናጋርን ሸማኔ የጎዳው የስኮትላንድ ሸማኔ አልነበረም፤ መሣሪያውም ብቻውን አልነበረም። ሁለቱንም የጎዳው ሥራውን የሚያውቀው ሰው በዋጋውም፣ በስሙም፣ በገበያውም ላይ ቃል የሌለው መሆኑ ነው። በዚህ ሁላችንም ተስማማን።

በዛሬው ገበያ ያየነው የዋጋ ልዩነትም የሚፈታው በዚሁ ነው። በምሳ ዋጋ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ቪስኮስ ወይም አክሪሊክ ነው፤ የፍየል ጠጉር አልነካውም። በመካከለኛ ዋጋ ከሚሸጠው ውስጥ በፋብሪካ የተፈተለ አለ። እውነተኛው ጠጉር ቀጭንና አጭር በመሆኑ የመሣሪያውን ጉተታ ስለማይችል ናይለን ይቀላቀልበትና በኋላ ናይለኑ በአሲድ ይሟሟል፤ ጨርቁም ጥንካሬው ይቀንሳል። በእጅ የተሠራውን ከዚህ ለመለየት የካሽሚር ፓሽሚና በ2008 ዓመት በሕንድ ሕግ መሠረት በትውልድ ቦታ ስም ተመዘገበ። ስሪናጋር ባለው መመርመሪያ ክፍል የጠጉሩ ቅጥነት ከ16 ማይክሮን እንዳይበልጥ፣ ፈትሉም ሽመናውም የእጅ መሆኑ ታይቶ ምልክት ይለጠፍበታል። ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም ምልክቱ ገዢውን ከመታለል ያድናል እንጂ የፈታይዋን ቋጠሮ ዋጋ በራሱ ከፍ አያደርግም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ነጋዴ ጠጋ ብሎ «ሻህቱሽ አለኝ» ቢል ሽሹ። እርሱ የፍየል ሳይሆን ቺሩ የተባለው የቲቤት የዱር እንስሳ ጠጉር ነው፤ እንስሳው ተገድሎ እንጂ ተበጥሮ አይገኝም፤ ንግዱም ከ1979 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

የሰው አገር ታሪክ አንብበን የምናዝን ብቻ እንዳንሆን ወደ ራሳችን እንይ። በአገራችን ያለ ሸማ ዓመት በዓል የለም፤ ያለ ጋቢ ሽማግሌ የለም። ሸማኔውን ግን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ የሰደበ የሸማውን ንጣት እያደነቀ ነው። አፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ማስነገር ያስፈለጋቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? በካሽሚር ሸማኔውን ያሰረው ግብር ነው፤ በእኛ ዘንድ ስድብ አጎንብሶ እንዲኖር አደረገው። አሁን ደግሞ በፋብሪካ የታተመ ጥለት የሐበሻ ልብስ ተብሎ በየገበያው ይሸጣል፤ የቡታው ዕጣ ለጥለታችን እንዳይደርስ የሚጠብቅልን ሌላ ሰው የለም።

ስለዚህ ለአባሎቻችን ሁለት አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለእናቱ ሻል የሚገዛ ሁሉ ከዋጋው በፊት ማን ፈተለው፣ የት ተሠራ፣ ምልክት አለው ወይ ብሎ ይጠይቅ። መግዣ ከሌለው ቪስኮሱን በስሙ ቪስኮስ ብሎ ይግዛ፤ በዚህ አፍረት የለም። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የባህል ምሽት ላይ የአገር ልብሶቻችንን ስናሳይ እስከ ዛሬ የምንጽፈው የክፍለ ሀገሩን ስም ብቻ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ ልብሱን ያመጣው አባል ፈታይዋንና ሸማኔውን ከቤተሰቡ ጠይቆ ይምጣ፤ ከሸማው ጎን በተለጠፈው ካርድ ላይ ስማቸው ይጻፍ። ካርዱን የምንጽፈው እኛ ነን፤ ቀለሙንም ገዝተናል።